ስህተትም ያስታውሳል
ከርእሰ መምህሩ



በዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን ልጽፍላችሁ የመረጥኩት ርእስ ከኡራን በጣም የራቀ ይመስላል። ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ስህተት ነው። ከዚህም ጠበብ አድርጌ፣ የሳይንስ ሰዎች «የሚያስታውስ ረብሻ» ስለሚሉት የስህተት ምንጭና ስለ መፍትሔው ነው። ርእሱን ለምን እንደመረጥኩት ከመጀመሪያው ልናገር። ይህ የምርምር ዘርፍ ስለ ስህተት ከምናውቀው ነገር ላይ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ጨምሯል ብዬ አምናለሁ። ቁም ነገሩም ይህ ነው፦ ስህተትን ለማረም ከመነሳታችን በፊት «ይህ ስህተት ያስታውሳል ወይስ ይረሳል?» ብለን መጠየቅ አለብን። ይህን ጥያቄ ልጆቻችን በሂሳብና በሳይንስ ክፍላቸው ቢማሩት፣ እኛም ደብተራቸውን ስናርም ብንጠቀምበት ብዙ እናተርፋለን።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። በእጃችን ያለው ስልክ የሚያስበው በዜሮና በአንድ ነው። ኳንተም ኮምፒውተር ግን ኪዩቢት በሚባል ነገር ይሠራል። ኪዩቢት እስኪለካ ድረስ ዜሮንና አንድን አጣምሮ ሊይዝ ይችላል። ይህ ጥምረት እጅግ ስስ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፍፁም ዜሮ ሙቀት በላይ ከመቶኛ ዲግሪ ጥቂት ብቻ ከፍ በሚል ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣሉ። እንዲያም ሆኖ ጥሩ የሚባለው ኪዩቢት ሁኔታውን ጠብቆ የሚቆየው ለአንድ ሰከንድ አሥር ሺኛ አካባቢ ነው። ሙቀት፣ የመግነጢስ ሞገድ፣ በብረቱ ላይ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ የተደበቁ ጥቃቅን ጉድለቶች፣ ከሕዋ የሚወርድ ጨረር፣ ሁሉም ይነካኩታል። ይህን ሁሉ ነው ባለሙያዎቹ ኖይዝ የሚሉት። እኛ ረብሻ እንበለው።

ረብሻ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ ሞያሌ ገበያ ወርደን ስኳር የሚመዝኑ ሦስት ሚዛኖችን እናስብ። የመጀመሪያው ሚዛን ነፋስ ይነካዋል። አንዴ 40 ግራም አካባቢ ያበዛል፣ አንዴ ያንኑ ያህል ያሳንሳል፤ አንዱ ልኬት ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይህ የሚረሳ ረብሻ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ደጋግሞ መመዘን። አሥራ ስድስት ጊዜ መዝነን አማካዩን ብንወስድ 40 ግራም የነበረው ስህተት ወደ 10 ግራም ይወርዳል። ሁለተኛው ሚዛን ሁልጊዜ 40 ግራም ያበዛል። ይህን ሚዛን አሥራ ስድስት ጊዜ ቀርቶ ሺህ ጊዜ ብትመዝኑበት አማካዩ ከ40 ግራም ስህተት አይወርድም። ነገር ግን ትክክለኛ የአንድ ኪሎ ድንጋይ አስቀምጣችሁ አንድ ጊዜ ብትፈትሹት ምን ያህል እንደሚያበዛ ታውቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ 40 ግራም መቀነስ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሚዛን ስፕሪንግ ያለው ነው። ከባድ ጆንያ ከተሰቀለበት በኋላ ስፕሪንጉ ደክሞ ለተወሰነ ጊዜ የሚቀጥሉትን ዕቃዎች ሁሉ አብዝቶ ያሳያል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል። የዚህ ሚዛን ስህተት ቀደም ሲል በተመዘነው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ያስታውሳል።

አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ። ኪዩቢትን የሚነካካው አካባቢ ብዙ ጊዜ እንደ ሦስተኛው ሚዛን ነው። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ጥቃቅን ጉድለት ከኪዩቢቱ ኃይል ይወስድና ለጥቂት ጊዜ ይዞ ሊመልስለት ይችላል። ባሕርዩም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይለዋወጣል። ጠዋት የተለካው ረብሻ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የማያስታውሰውን ረብሻ ባለሙያዎቹ በሩሲያዊው የሂሳብ ሊቅ በአንድሬይ ማርኮቭ ስም ይጠሩታል። ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 የፑሽኪንን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ወስዶ የመጀመሪያዎቹን 20,000 ፊደላት ቆጠረ። ፑሽኪን ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። የቅድመ አያቱ የአብራም ሃኒባል ትውልድ ከአፍሪካ መሆኑ ይታወቃል፤ አገሩን አንዳንዶች ወደ ኢትዮጵያ፣ ሌሎች ወደ ካሜሩን አካባቢ ይወስዱታል። ማርኮቭ ባደረገው ቆጠራ ከመቶ ፊደላት 43ቱ አናባቢ ሆኑ። ከአናባቢ ቀጥሎ ሌላ አናባቢ የሚመጣው ግን ከመቶ 13 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተነባቢ ቀጥሎ ደግሞ 66 ጊዜ። ፊደል በዕጣ እንደማይወድቅና ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ እንደሚመሠረት በቁጥር አሳየ። በማርኮቭ ሰንሰለት ውስጥ ቀጣዩን ለመገመት አሁን ያለንበትን ማወቅ ይበቃል፤ እንዴት እዚህ እንደደረስን ማወቅ አያስፈልግም። ይህ የማይበቃበት፣ የመጣንበት መንገድ ራሱ የሚቆጠርበት ረብሻ ሲያጋጥም ነው «የሚያስታውስ» የምንለው።

ልዩነቱን በእኛ አገር ምሳሌ ላስረዳ። ሜዳ ላይ ቆማችሁ ብትጣሩ ድምፃችሁ ይሄዳል፣ አይመለስም። ከድንበሩ ማዶ በዱብሉቅ መንገድ ያሉትን የቦረና ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ያየ ሰው ግን፣ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ እንደሚመጣለት ያውቃል። በሜዳው ላይ መረጃው ጠፋ፤ በጉድጓዱ ግን ተመለሰ። ብሮየር፣ ላይነና ፒሎ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ረብሻ ማስታወስ አለማስታወሱን ለመለካት ያቀረቡት ዘዴ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ከኪዩቢቱ ወደ አካባቢው የፈሰሰው መረጃ ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለውን ይለካል።

ታዲያ ይህ ለምን ያሳስባል? ስህተትን ለመቀነስ የሚሠራባቸው ብዙ ዘዴዎች ረብሻው ይረሳል ብለው ስለሚጀምሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበ ነው። ዘዴው ረብሻውን ማጥፋት ካልተቻለ ሆን ብሎ ማብዛት ነው። ስሌቱን በመደበኛው ረብሻ፣ ከዚያ በእጥፍ፣ ከዚያ በሦስት እጥፍ ይሠሩታል። ውጤቶቹን በግራፍ ላይ አስቀምጠው መስመሩን ወደ ኋላ ወደ ዜሮ ረብሻ ይስቡታል። ብልህ ዘዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አይ.ቢ.ኤም. 127 ኪዩቢት ባለው መሣሪያ የተሠራን አንድ ስሌት ውጤት ያቃናው በዚህ መንገድ ነበር። ሆኖም ረብሻው የሚያስታውስ ከሆነና ረብሻውን የምናበዛው ሥራውን በማርዘም ከሆነ፣ ጊዜው ሁለት እጥፍ ሲሆን ረብሻው የግድ ሁለት እጥፍ አይሆንም። የሄደው መረጃ በመሃል ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። መስመሩ ይጣመማል፤ የተጣመመ መስመር ተከትለን የደረስንበት ዜሮም እውነተኛው ዜሮ አይሆንም።

ሌላው ዘዴ ስህተትን ከነአካቴው ማረም ነው። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1995 የአንድን ኪዩቢት መረጃ በዘጠኝ ኪዩቢቶች ላይ በትኖ መጠበቅ እንደሚቻል አሳየ። ከጀርባው ያለውን ሐሳብ በቀላሉ እንየው። ከኡራን ወደ ሶሎሎ አንድ መልእክት በሦስት ልጆች ላክን እንበል። እያንዳንዱ ልጅ ከአሥር ጊዜ አንዴ ይሳሳታል፤ የተቀበለው ሰውም የብዙኃኑን ቃል ያምናል። ልጆቹ ለየብቻቸው ከሄዱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው የሚሳሳቱት ከ1,000 ጊዜ 28 ጊዜ ብቻ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ቁጥር አስልታችሁ አረጋግጡት። ነገር ግን ሦስቱ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሁሉም የአንዱን ልጅ ቃል ከያዙ ስህተቱ ከ1,000 ጊዜ 100 ሆኖ ይቀራል፤ ሦስት ልጅ መላካችን ምንም አልጠቀመንም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ይፋ የሆነው የጉግል ዊሎ መሣሪያ ሥራ ይህንኑ አሳይቷል። ኪዩቢቶቹ ሲበዙ ስህተቱ በእያንዳንዱ እርከን ከግማሽ በታች እየወረደ ሄደ። ይህ ለዘመናት የተጠበቀ ድል ነው። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ በሌላ ቀለል ባለ የማረሚያ ዘዴ ሲፈትኑት በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ያህል ብዙ ኪዩቢቶችን በአንድነት የሚመታ የስህተት ናዳ አገኙ። ከዚያ በታች ለመውረድ አልቻሉም። ለየብቻቸው የሚመጡ ስህተቶች ተሸንፈዋል፤ የቀሩት እርስ በርሳቸው የተያያዙት ናቸው።

አሁን ወደ መልካሙ ዜና ልምጣ። የሚያስታውስ ረብሻ አደገኛ የሚሆነው ማስታወሱን ሳናውቅ ስንቀር ነው። ካወቅን ግን ትዝታው ራሱ መድኃኒት ይሆናል። ይህን ነገር ኤርዊን ሃን የተባለ ወጣት የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950 አሳይቷል። በስፖርት ሜዳችን ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሃያ ተማሪዎች በአንድ መስመር ላይ ይቁሙና ሲፊሽካ ሲነፋ ይሩጡ። እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሩጥ፣ ፍጥነቱን ግን አይቀይር። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሯጮቹ በሜዳው ላይ ተበታትነው ሥርዓቱ የጠፋ ይመስላል። በዚያች ቅጽበት ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው በዚያው ፍጥነት ይሩጡ። ከሌላ ግማሽ ደቂቃ በኋላ ፈጣኑም ዘገምተኛውም በመነሻው መስመር ላይ አንድ ላይ ይደርሳሉ። ፈጣኑ ርቆ ሄዶ ነበርና የሚመለሰው ረጅሙን ነው፤ ዘገምተኛው አጭሩን። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ሯጭ ፍጥነቱን ስላስታወሰ ብቻ ነው። በየሰከንዱ ፍጥነታቸውን እንደፈለጉ ቢቀያይሩ ኖሮ ምንም ፊሽካ ወደ መስመሩ አይመልሳቸውም ነበር።

ሃን ይህን ያደረገው በሰው ሳይሆን በአቶም እምብርቶች ነው። ግኝቱም «የሽክርክሪት ገደል ማሚቶ» በሚል ስሜት ተሰየመ። ዛሬ ወላጆቻችን ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ሄደው ኤም.አር.አይ. ሲነሱ መሣሪያው ይህንኑ ማሚቶ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሎሬንዛ ቪዮላና ሴት ሎይድ ይህን ሐሳብ ወደ ኳንተም ኮምፒውተር አምጥተው ፊሽካውን አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ፣ በፍጥነት መንፋት እንደሚቻል አሳዩ። ረብሻው ከሚለዋወጥበት ፍጥነት ቀድሞ ኪዩቢቱን ማገላበጥ ነው ነገሩ። ወዲያ የገፋው ረብሻ በሚቀጥለው ዙር ወዲህ ይገፋዋል፤ ይጣፋሉ። ፈጽሞ የማያስታውስ ረብሻ ቢሆን ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። በአንድ ቃል፦ የሚረሳ ስህተት በድግግሞሽ ይሸነፋል፤ የሚያስታውስ ስህተት የሚሸነፈው በመታወቅ ነው።

«ለኡራን የሚያስፈልገው ውሃና መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ስለዚህ ማውራት ምን ያደርጋል?» የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ይህን መሣሪያ እንሥራ ወይም እንግዛ አልልም። የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዚህ ዘርፍ ከባዱ ሥራ የሚሠራው በማቀዝቀዣው ብቻ አይደለም፤ በወረቀትና በእርሳስም ነው። አካባቢያቸው ስለሚነካካቸው የኳንተም ሥርዓቶች ዋነኛ መማሪያ ከሆኑት መጻሕፍት አንዱን እ.ኤ.አ. በ2002 ከብሮየር ጋር የጻፈው ፍራንቼስኮ ፔትሩቾኔ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጥቶ በደርባን በክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን መርቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጆሃንስበርጉ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር ሲስማማ የኳንተም ኮምፒውተር አጠቃቀሙ አዲስ አበባና ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲዎች አባል ለሆኑበት የአፍሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ጭምር በር ከፈተ። በዚያን ጊዜ የአይ.ቢ.ኤም. የአፍሪካ ምርምር ኃላፊ የነበረው ኢትዮጵያዊው ሰሎሞን አሰፋ ነበር። ጥቂት ኪዩቢቶችን ከነረብሻቸው በተራ ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ መሥራት የሚያስችል ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል። በሩ ለእኛ ልጆች ዝግ አይደለም፤ መግቢያው ሂሳብ ነው።

ሁለተኛው ወደ ክፍላችን የሚገባው ነው። ተማሪ ስናርም ሁለቱን ዓይነት ስህተቶች በአንድ ቀይ ምልክት እናልፋቸዋለን። አንድ ልጅ ከሰሌዳ 36ን 63 ብሎ ቢገለብጥ የሚረሳ ስህተት ነው፤ ነገ አይደግመውም፤ ቀስ ብሎ መሥራትና መልሶ ማየት ይበቃዋል። ግማሽና ሲሶን ደምሮ ሁለት አምስተኛ የሚል ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሯል፤ ሕግ አለው፣ ሕጉ የተሳሳተ ነው እንጂ። ሃያ ተመሳሳይ ጥያቄ ብንሰጠው ሃያውንም በዚያው ሕግ ይሠራዋል፤ ድግግሞሹ ስህተቱን ያጸናበታል። ቤቱ በቦረንኛ፣ ገበያው በአማርኛ፣ ክፍሉ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ የሆነ ልጅም የአንዱን ቋንቋ አረፍተ ነገር አሠራር ወደ ሌላው ይዞ ይመጣል። ያ ስንፍና አይደለም፤ ትዝታ ነው። ከየት እንደመጣ ካወቅን መመለሻውም ይታወቃል።

እርግጥ ነው ልጅ ኪዩቢት አይደለም። ኪዩቢት አይፈራም፣ አያፍርም። ልጅ ግን ያፍራል፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ ስህተቱን ይደብቃል። የተደበቀ ስህተት ደግሞ አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበውም አይታወቅም። ስለዚህ በእኛ ቤት የመጀመሪያው ሥራ ስህተትን ያለ ፍርሃት እንዲታይ ማድረግ ነው።

በዚህ ምክንያት ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በሂሳብና በሳይንስ ትምህርቶች እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የስህተት ደብተር እንዲይዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። በደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ስህተቱ ምን ነበር፣ ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቃል ወይ፣ ከየትኛው ሐሳብ ተነሥቶ ነው። መምህራን፣ ይህ የሳምንቱን አንድ ክፍለ ጊዜ እንደሚወስድባችሁ አውቃለሁ። ለፈተና ከምንዘጋጅበት ጊዜ ላይ የሚቀነስ መስሎ የሚታያችሁም ትኖራላችሁ። የእኔ እምነት ግን ሁለተኛውን ሚዛን አንድ ጊዜ መፈተሽ ሺህ ጊዜ ከመመዘን ይሻላል የሚል ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ የታረመ ወረቀት ይዞ ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ስህተት ነው ተደግሞ የመጣው?» በሉት። መልሱን ለመረዳት ሂሳብ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። በሬው የት የት እንደሚያነክስ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ፣ በአገሪቱ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት 10ኛ ክፍል ስትገቡ ከሦስት መስመሮች አንዱን መምረጥ ይጠበቅባችኋል፤ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሂሳብ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ እንዲሁም የኪነ ጥበብና ስፖርት። ሦስቱም የተከበሩ ናቸው። ነገር ግን «ሂሳብ ላይ ብዙ እሳሳታለሁ» በሚል ምክንያት ብቻ የመጀመሪያውን አትለፉት። በዓለም ላይ እጅግ የረቀቀው መሣሪያ እንኳ ይሳሳታል፤ ሊቃውንቱም ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ያን ስህተት በማጥናት ነው። የሚፈለገው የማይሳሳት ልጅ አይደለም። ስህተቱን አይቶ፣ ጽፎ፣ «ይህን ከዚህ በፊት የት ነው ያየሁት?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ነው።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ። በአዲሱ ዓመት ደብተሩን ይዛችሁ ኑ።